ዴልሂ ላላችሁና ለምትሄዱ፦ ስለ አክሻርዳም የጠየቃችሁኝ

ለሕክምናም ለትምህርትም ዴልሂ የሚሄድ ወገን ብዙ ነው። በቀጠሮና በቀጠሮ መሃል አንድ ቀን ሲተርፍ የአክሻርዳም ስም መነሳቱ አይቀርም። ከያሙና ወንዝ አጠገብ የተሠራ ትልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነው። ስለ እሱ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ።

እናቴን ለማሳከም ከወንድሜ ጋር ዴልሂ ነን። ስልክ አያስገቡም አሉን። እውነት ነው? ብንጠፋፋስ?

እውነት ነው፣ እህቴ። ስልክ፣ ካሜራ፣ ቦርሳ፣ ምግብ፣ ሁሉም በር ላይ ይቀራል። ዕቃ ማስቀመጫው አያስከፍልም። ፎርም ሞልተሽ ስታስረክቢ መረከቢያ ይሰጡሻል፤ እሱን አደራ እንዳትጥይው። ፓስፖርትና የኪስ ቦርሳ ግን ይዞ መግባት ይቻላል። በስልክ መክፈል ስለማይቻል ጥሬ ሩፒ ያዙ።

ፍተሻው ጥብቅ ነው ብላችሁ አትማረሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጉጅራት ውስጥ ጋንዲናጋር ባለው ሌላው አክሻርዳም ታጣቂዎች ገብተው ከ30 በላይ ሰዎች ገድለዋል። ሁለቱም የአንድ ማኅበር ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበት ማኅበር በሩን ቢያጠብቅ አይፈረድበትም።

ፍተሻው ላይ ወንድና ሴት በየራሱ ሰልፍ ነው የሚገባው። ሰው የሚጠፋፋውም እዚያ ነው። ስለዚህ ከመሰለፋችሁ በፊት የት እንደምትገናኙ ተነጋገሩ። የሆቴሉንም ስምና አድራሻ ወረቀት ላይ ጽፈሽ እናትሽን አስይዣቸው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ብዙ ያስኬዳል። ከሕመም ላልጠነከሩ ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበር ስላለ ገና ስትገቡ ጠይቁ።

ኦርቶዶክስ ነኝ። መግባት ይፈቀድልኛል? እንድሰግድ ወይም ግንባሬን እንድቀባ ያስገድዱኛል?

ሃይማኖትህን የሚጠይቅህ የለም፣ የሚያስገድድህም የለም። ህንድ ውስጥ ግን ሁሉም ቤተ መቅደስ እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ ፑሪ ያለው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ሂንዱ ያልሆነን አያስገባም። አክሻርዳም ለሁሉም ክፍት ነው።

መለየት ያለብህ ማየትንና አምልኮን ነው። ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሰዎች ጸሎት አድርሰው በሚያመልኩት ምስል ላይ ውኃ ያፈሳሉ። አቢሼክ ይባላል። ይሄ ለጎብኚ የተዘጋጀ ትርኢት ሳይሆን አምልኮ ነው። ስለዚህ የማታምንበት ከሆነ በጨዋነት እለፈው። ለአማልክቱ ቀርቦ የሚታደለውን ምግብም ካልፈለግህ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ በፈገግታ ማመስገን ይበቃል። ይሄን የምለው አንተን ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። እነሱ በእምነት የሚያደርጉትን ለጨዋታ መሞከር ያሳዝናቸዋል። በቅዳሴ መሃል አንድ እንግዳ ለመዝናናት ብሎ ከቆራቢዎች ጋር ቢሰለፍ እኛ ምን እንደሚሰማን አስበው። የቀረውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከር።

እንደ ላሊበላ ከድንጋይ የተፈለፈለ ነው ሲባል ሰማሁ። ስንት ዘመን አለው?

አይደለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። አክሻርዳም ደግሞ ድንጋዩ ተጠርቦ የተገጣጠመ ነው። ላሊበላን የሚያስታውስ ነገር ህንድ ውስጥ ማየት የፈለገ ማሃራሽትራ ግዛት ወዳለው ኤሎራ ይሂድ። እዚያ ያለው የካይላሳ ቤተ መቅደስ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የተሠራ ነው።

የዴልሂው አክሻርዳም የተመረቀው በኖቬምበር 2005 እ.ኤ.አ. ነው። ገና ወጣት ነው ማለት ይቻላል። ያሠራው ባፕስ የሚባለው የስዋሚናራያን ተከታዮች ማኅበር ነው፤ መሪውም ያኔ ፕራሙክ ስዋሚ ማሃራጅ ነበሩ። ስዋሚናራያን ከ1781 እስከ 1830 እ.ኤ.አ. የኖሩ ሰው ናቸው። ተከታዮቻቸው እንደ አምላክ ያመልኳቸዋል።

እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። ከውጭ የራጃስታን ሮዝ ድንጋይ፣ ከውስጥ የጣሊያን ነጭ እብነ በረድ ነው። ጥንታዊውን የህንድ የግንባታ ሥርዓት ለመጠበቅ ሲባል ዋናው ሕንፃ ብረት አልገባበትም። ቁመቱ 43 ሜትር ያህል ሲሆን 234 የተቀረጹ ምሰሶዎችና 9 ጉልላቶች አሉት። ያ ሁሉ ሥራ ያለቀው በአምስት ዓመት ገደማ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ጠራቢዎችና በጎ ፈቃደኞች ተረባርበውበታል።

ብዙ ሰው ጉልላቱን አይቶ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይሮጣል። እባካችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከሥር ያለውን መሠረት ዙሩት። ሕንፃውን ተሸክመው የቆሙ 148 የድንጋይ ዝሆኖች አሉ። ከተፈጥሮ፣ ከሰውና ከአማልክት ጋር ያላቸው ታሪክ በተርታ ተቀርጿል። ጠጋ ብላችሁ የቆዳቸውን እጥፋት፣ የኩምቢያቸውን አጣጣፍ እዩ። ከዚያ ውስጥ ስትገቡ ጉልላቱ ሥር ቆማችሁ ቀና በሉ። እብነ በረዱ እንደ ጥበብ ቀሚስ ጥለት ረድፍ በረድፍ ይዞራል። ለእኔ ከወርቅ ቅቡ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

ጾም ላይ ነኝ። እዚያ የሚሸጠው ምግብ ሥጋ የለበትም አሉኝ፤ ልብላ?

ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም። የስዋሚናራያን ተከታዮች ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር አይበሉም። ግን ተጠንቀቂ፤ የህንዱ "ቬጅ" እና የእኛ ጾም አንድ አይደሉም። ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና ፓኒር የሚሉት አይብ እነሱ ዘንድ ይበላል። የምስሩ ወጥ ራሱ ብዙ ጊዜ በቅቤ ይቁላላል፤ ቂጣውም ቅቤ ይቀባል። ጣፋጩ አብዛኛው ወተት አለበት። "ጊ" ማለት የተነጠረ ቅቤ ስለሆነ "ጊ አለው?" ብለሽ በየምግቡ ጠይቂ። መልሱ ካላረካሽ የጾም ምግብ ቀድመሽ በልተሽ መሄድ ይሻላል፤ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልምና።

ሙቀት ነው፤ ቁምጣ ለብሼ ብሄድስ?

አይሆንም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ስስ ረጅም ልብስ ልበሺ፤ ትከሻሽ ላይ ነጠላ ጣል ብታደርጊበት ደግሞ ያምራል። ዋናው ቤተ መቅደስ ስትደርሺ ጫማ ይወልቃል። ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

የሎተስ አበባ ቅርጽ ያለው ነጩ ሕንፃ እሱ ነው?

አይደለም። እሱ በ1986 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የባሃኢ እምነት ቤት ነው፤ የሂንዱም አይደለም። ለታክሲ ሹፌሩ "አክሻርዳም" ብለህ ስሙን ንገረው።

መቼ ልሂድ? ስንት ብር ይዤ?

ሰኞ ዝግ ነው። ቤተ መቅደሱን ማየት በነፃ ነው፤ የሚያስከፍሉት ኤግዚቢሽኖቹና የማታው የውኃና የብርሃን ትርኢት ናቸው። ወሩን መምረጥ ከቻልህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ሂድ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ድንጋዩም ባዶ እግርን ያቃጥላል። ከሰዓት በኋላ ገብተህ ሕንፃውን በቀን ብርሃን እይ፤ ሲመሽ ትርኢቱን ተመልከት። ለመሄድም ለመመለስም ሰማያዊው የሜትሮ መስመር ይሻላል። ጣቢያው ራሱ አክሻርዳም ይባላል፤ ከዚያ ትንሽ በእግር ነው። ማታ ሁሉም አንዴ ስለሚወጣ ስልክ መረከቢያው ሰልፍ ይኖረዋል፤ የመጨረሻው ባቡር እንዳያመልጥህ ሰዓት ይዘህ ውጣ።