ብቻህን ሂድ፤ ብቻህን ግን አትደር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነኝ። ክረምት ትምህርት ስለሚዘጋ ከአንኮበር ተነሥቼ፣ በወፍ ዋሻ ደን አድርጌ፣ ደብረ ሲና ወርጄ፣ ከዚያ በጣርማ በርና በመዘዞ በኩል እስከ መንዝ ጓሳ ብቻዬን በእግሬ መሄድ አስቤያለሁ። ድንኳን ገዝቻለሁ። ሐሳቡ የመጣልኝ አሜሪካ ውስጥ በአፓላቺያን መንገድ ሰዎች ቦርሳ አዝለው ብቻቸውን ለወራት ሲጓዙ በቪዲዮ አይቼ ነው። እናቴ ግን «በክረምት? ብቻህን?» ብላ አኩርፋለች። ምን ይመክሩኛል?
(አስተማሪው፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ እናትህ የጠየቀችህ ሁለት ነገር ነው። ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። እኔ በነርስነት ዘመኔ የክትባት ሳጥን አንግበን መንዝንና የጣርማ በርን ቀበሌዎች በእግር ስናካልል የኖርኩ ሰው ነኝ። የምነግርህ ረግጬ የማውቀውን ነው።

በመጀመሪያ ያየኸውን ቪዲዮ እናንሣ። የአፓላቺያን መንገድ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 14 ግዛቶችን ያቋርጣል። ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛፎቹ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም አቅጣጫ ያሳያል። ከ250 በላይ ማደሪያ መጠለያዎች አሉት። እዚያ ብቻውን የሚሄድ ሰው ምልክቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሲመሽ መጠለያ ያገኛል፤ ከኋላው ደግሞ ሌላ መንገደኛ ይደርሳል። አንተ በምትሄድበት ያለው የገበያ መንገድ፣ የቤተ ክርስቲያን መንገድና የከብት መንገድ ነው። ሦስቱ ሲገናኙ የትኛው መንደር፣ የትኛው ገደል አፋፍ እንደሚያደርስ የሚያውቀው እረኛው ነው። እንግዲህ መጠለያህም ምልክትህም ሰው ነው።

ስለዚህ «ብቻህን?» ለሚለው መልሴ ይሄ ነው። ብቻህን ሂድ፤ ብቻህን ግን አትደር። ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለህ ማደሩን ተወው። ጅቡም ብርዱም አለ። ከሁለቱም የሚብሰው ግን የሰው ጥርጣሬ ነው። በሌሊት ሜዳ ላይ የማያውቀውን መብራት ያየ ገበሬ ሌባ መጣ ብሎ ነው የሚነሣው። እውነቱን ነው፤ በጎቹ ናቸው ኑሮው። ደጃፉ ቆመህ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካልከው ግን ያው ሰውዬ እግርህን አስጥቦ መደብ ላይ ያስተኛሃል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚደርስብህ ነገር የእሱ ኃላፊነት ነው። ድንኳንህን ካልለቀቅህ ግቢው ውስጥ እንድትተክል አስፈቅደው።

አጥር ግን አትግባ። ከውጭ ሆነህ «ቤቶች!» ብለህ ተጣራና ውሻው እስኪያዝ ጠብቅ። የመንዝ በግ ጠባቂ ውሻ ቀልድ አያውቅም። ዱላ ያዝ፤ አትሩጥ። ከነከሰህ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠበውና ጉዞውን አቁመህ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። «ትንሽ ጭረት ናት» ብለህ አትለፈው።

ጧት ስትነሣ ባለቤቱን «እዚያኛው መንደር ማንን ልጠይቅ?» በለው። ስም ይሰጥሃል። ያንን ስምና የመንደሩን ስም ለእናትህ ደውለህ አስመዝግብ። ማታ እስከ 2 ሰዓት ካልደወልክ እሷ ለማን እንደምትደውል ከመነሣትህ በፊት ተስማሙ። ኔትወርክ አፋፍ ላይ ይመጣል፣ ሸለቆ ውስጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ ወደ ሸለቆ ከመውረድህ በፊት ደውል። ኩርፊያዋም በዚሁ ይበርዳል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ «በክረምት?» እንምጣ። እዚህ ላይ ከእናትህ ጋር ነኝ። ፈረንጆቹ በበጋቸው የሚሄዱት ፀሐይ ስላለ ነው። የእነሱ ሐምሌ የእኛ ሐምሌ አይደለም። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት፣ ጉሙ ጣርማ በር ላይ የሚተኛበት፣ ዋልካው ጫማ የሚነጥቅበት ጊዜ ነው። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት መስከረም ላይ ጥቂት ቀን ካለህ እስከዚያ ጠብቅ። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ብታገኝማ አገሩ ሁሉ ይታይሃል። እረፍቴ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ነው ካልክ ግን የሚከተለውን ሳታጓድል አድርግ።

ጧት 12 ሰዓት ተነሥ። ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚመጣው። 8 ሰዓት ሲሆን ጣሪያ ሥር ሁን። መብረቅ ካየህ ከአፋፍ ውረድ፤ ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለል። ብልጭታውን አይተህ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠር። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከሠላሳ በታች ከቆጠርክ መብረቁ ሊደርስብህ ይችላል። ጉም ሲወርድብህ ደግሞ ቁም። ከአንኮበር እስከ ጓሳ በስተምሥራቅ ያለው ወደ ቆላው የሚወርድ ገደል ነው፤ ጉም ውስጥ አፋፉ ከእግርህ ሥር ሳይሆን አይታይህም። ተቀመጥ፣ በሶህን በጥብጥና ጠጣ። ጉም ይነሣል።

ወንዝ ላይ ደግሞ እባክህ አትቸኩል። ዝናቡ አንተ ያለህበት ባይዘንብም ላይኛው አገር ዘንቦ ይሆናል። ደራሽ ውሃ ድምፁ ተሰምቶ እስክትዞር ይደርሳል። የሚፈስ ውሃ ከጉልበትህ ካለፈ አትግባ። የአገሩ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ካየህ አብረኸው ቁጭ በል፤ ከሰዓታት በኋላ ይጎድላል። የምትሻገር ከሆነ የቦርሳህን የወገብ ማሰሪያ ፍታ፤ ብትወድቅ ቦርሳው ይሂድ፣ አንተ ትተርፋለህ።

ከሁሉም በላይ የምፈራልህ ግን ብርዱን ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ሰው በብርድ ለመሞት በረዶ አያስፈልገውም፤ እርጥብ ልብስና ነፋስ ይበቃሉ። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ከዚያ ምላስ ይተሳሰራል፣ እጅ ቁልፍ መክፈት ያቅተዋል፣ ሰውየው ይደናቀፋል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው በድንገት ካቆመ ተሽሎት እንዳይመስልህ፤ ያኔ ነው የባሰበት። ብቻውን የሚሄድ ሰው ችግሩ ይሄ ነው፦ አእምሮው ሲደክም «አትሂድ» የሚለው የለም። ስለዚህ መንቀጥቀጥ እንደጀመረህ የመጀመሪያው ቤት ግባ። እርጥቡን አውልቅ፣ ደረቅ ልበስ፣ ጣፋጭ ሻይ ጠጣ። አረቄ ግን አይሆንም። የደብረ ብርሃን ሰው ስለሆንክ ነው አጥብቄ የምነግርህ። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ ሙቀቱን ያስወጣዋል። ከሰል አቀጣጥለህም በተዘጋ ክፍል ወይም ድንኳን ውስጥ አትተኛ። የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል፤ በሥራዬ ብዙ ቤተሰብ ሲያለቅስበት አይቻለሁ።

ለልብስ መንዞችን ስማ። ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም። ጂንስና የጥጥ ሹራብ ቤት ይቅሩ። የበግ ጠጉር ረጥቦም በመጠኑ ያሞቃል፤ ለዚህ ነው መንዝ ከበግ ጠጉር የተሠሩትን ባና እና በርኖስ የሚለብሰው። ባና ለጉዞ ይከብዳል፤ የሱፍ ሹራብና የማያስገባ የዝናብ ልብስ ይበቃሃል። አንድ ሙሉ ልብስና ካልሲ በፕላስቲክ ጠቅልለህ ለመኝታ ብቻ አስቀምጥ። ቀን ላይ ምንም ብትረጥብ አትንካው። ጫማህ ቀድሞ እግርህን የለመደ ይሁን። እግርህ ውሃ ሊቋጥር ሲል፣ ገና ሲያቃጥልህ፣ ቁመህ ፕላስተር ለጥፍበት።

ስንቅ ላይ ብዙ አልልም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ ይዘህ ከሄድክ አያቶችህም የዘመቱት በእሱ ነው። ነሐሴ ከሆነ ግን ፍልሰታ ነው። ቋንጣህ ይቅር፤ የምታርፍበት ቤትም ወተት የለም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ በዚያ ሰዓት ዳገት ላይ አትገኝ፤ ወይም የንስሐ አባትህን አማክር። ቡሄ ነሐሴ 13 የሚውልበትን መንደር ከወዲሁ ምረጥ። ችቦውና ሙልሙሉ ደስ ይላል። የምንጭ ውሃ ንጹሕ ይመስላል፤ አፍላው ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምርበት። በዚህ ከፍታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ።

መንገዱን በተመለከተ፦ አንኮበር የምኒልክን ቤተ መንግሥት ቦታ ሳታይ አትነሣ። ወፍ ዋሻ ውስጥ ግን የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርገህ ግባ። ጥዱና ዝግባው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ስልክህ ላይ የጫንከው ካርታም ደን ውስጥ ያለውን ቀጭን መንገድ ሁሉ አያውቅም። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር አስፋልቱን ይዘህ ስትወጣ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ይገጥምሃል። ጨለማ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል። በሚኒባስ እለፈው፤ ጉዞህ አይጎድልም።

ጓሳ ስትደርስ ደግሞ የሰው ቤት እንደገባህ ቁጠረው። ያ ሣር ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት በሚባል ደንብ ለዓመታት እየዘጉ፣ በጋራ እየከፈቱ ያቆዩት ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን አልተወም። ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ጅብራ የሚባለው ተክል ዛሬም ያሉት ለዚህ ነው። የማኅበረሰቡን ጽሕፈት ቤት አነጋግር፣ የመግቢያውን ክፈል፣ ጠባቂ ይዘህ ግባ። ቀይ ቀበሮ ካየህ አትከተለው፣ ምግብም አትጣልለት።

ስለ ጸጥታውም በግልጽ ልናገር። ሰሜን ሸዋ ባለፉት ዓመታት ሰላም ያጣች አገር ናት። ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ላይከፈት ይችላል። ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያዝ፤ መታወቂያህም አይለይህ። በየቀኑ ጧት የፊተኛውን መንደር ሁኔታ ጠይቅ። «አትሂድ» ካሉህ ምክንያቱን አትከራከር፤ ተመለስ። ደብዳቤና መታወቂያ ጥይት አይመልሱም።

ጥያቄ፦ እኔም መሄድ እፈልጋለሁ። ግን ሴት ነኝ። ይቻላል?
(ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ እህቴ፣ ይቻላል። እኔም ሄጃለሁ። ለአስተማሪው ያልኩት ሁሉ ላንቺም ነው። የምጨምርልሽ ይሄን ነው። የገበያ ቀን ጠይቂና ከገበያተኛ ሴቶች ጋር ሂጂ፤ ቀኑን ሙሉ ጨዋታ አለ፣ መንገዱንም እነሱ ያውቁታል። ማደሪያ ስትፈልጊ በ9 ሰዓት ምንጭ ዳር ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ቅረቢ። በአንዷ በኩል ከገባሽ የምትተኚው ከእሷና ከልጆቿ ጋር ነው። መንገድ ላይ «ብቻሽን ነሽ?» ለሚልሽ ወንድ «ከፊት የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ» በይው። የወር አበባ መጠበቂያ በቂ አድርገሽ ያዢ፤ የገጠር ሱቅ ላይኖረው ይችላል። ሆድሽ ካልወደደው ቤት ገና ሳይመሽ ውጪ። ይሉኝታ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ላሳደሩኝ ሰዎች ምን ልክፈል? ብር ስሰጥ ይቆጣሉ።
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቆጣሉ፤ ልክ ናቸው። እንግዳ ማሳደር ሽያጭ አይደለም። እርስዎ ግን ባዶ እጅዎን አይግቡ። ያልተቆላ ቡናና ስኳር ይዘው ይሂዱና ሲገቡ ለእመቤቲቱ ይስጡ፤ ሲወጡ አይሁን፣ ሒሳብ ይመስላል። ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ጥሩ ነው። ብር መስጠት ካለብዎት ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ያስገቡ። መንገድ ለሚመራዎት ልጅ ግን የቀን ዋጋውን አስቀድመው ተነጋግረው ይክፈሉ፤ እሱ ሥራ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ ራስ ምታት አለብኝ ላለዎት ሁሉ ከቦርሳዎ ክኒን እያወጡ አያድሉ። ጤና ኬላ ይላኳቸው።