እሺ ከማለትሽ በፊት መዝገቡን እዪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ሁለት ልጆች ቀጥሬ አብረውኝ ይሠራሉ። ሥራ አለ፣ ተመስገን ነው፤ ጊዜ ግን አልበቃኝ አለ። ለሐሙስ ያልኩት ማክሰኞን ያልፋል። ደንበኞቼ እየመጡ ይቆጡኛል፤ አንዳንዷ እዚያው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጥር ሲገባማ ሌሊቱን ሁሉ መኪና ላይ ነኝ። አጀንዳ ገዝቼ በየሰዓቱ ምን እንደምሠራ ጻፍኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳትም ጀመርኩ። ሳምንት አልዘለቅኩበትም። የልጆቼን ደብተር ካየሁ ቆየሁ። ጊዜዬን ጠበቅ አድርጌ መያዝ የምችለው እንዴት ነው? (ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን 11 ሰዓት ተዪው። ተኚ። እስከ እኩለ ሌሊት ሰፍቶ በ11 ሰዓት መነሳት ቆራጥነት ይመስላል። ግን ቀን ላይ ጥለቱን ገልብጠሽ ትሰፊና መልሰሽ ስትፈቺ ትውያለሽ። እኔ ስፌት ቤት ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ እንቅልፍ ያጣ እጅ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ስንፍና አላየሁብሽም። ጊዜሽ የሚያልቀው በሩ ላይ ነው፤ ደንበኛ ጨርቅ ይዛ ስትገባ።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ። አንዷ ፈትሏን በፌስታል ይዛ ትመጣለች። ሻይ ታዢላታለሽ። ሜትሩን ከአንገትሽ ላይ ታወርጂና ልኳን ትወስጃለሽ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ስለ ጥልፉ ታወራላችሁ። ስልኳን አውጥታ ከቴሌግራም ያስቀረችውን ፎቶ ታሳይሻለች። ከዚያ «መቼ ልምጣ?» ትላለች። ጣሪያውን ቀና ብለሽ ታይና «ሐሙስ» ትያለሽ። ጣሪያው ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል! እሷም «በናትሽ ለኔ ብለሽ ረቡዕ አድርጊልኝ፣ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነው» ትላለች። ይሉኝታ ይይዝሻል። «እሺ» ትያለሽ። በቃ፣ የማክሰኞ ሌሊትሽ እዚያች ላይ ሄደ።

ሙያውን ያስተማረችኝ ሴትዮ ለገዛ እህቷ እንኳን መዝገብ ሳትገልጥ ቀን አትሰጥም ነበር። «ቆዪ፣ መዝገቡን ልይ» ትላለች። መነጽሯን ታደርጋለች፣ በጣቷ እያንዳንዱን መስመር ትወርዳለች። ደንበኛዋ ዝም ብላ ትጠብቃለች። «ለዚህ ወር ሃያ ሦስት ነው የሚታየኝ» ስትላት ትንሽ ታጉረመርማለች እንጂ አትሟገትም። መዝገቡ ነዋ ያለው።

ታዲያ መዝገብሽ ምን ይኑረው? በየሰዓቱ የሚሞላውን አጀንዳ ለልጆችሽ ስጫቸውና ይሳሉበት። አንቺ አንድ ተራ ደብተር ያዢ። ለእያንዳንዱ ልብስ ሦስት ቀን ጻፊበት፦ ጨርቁ የገባበትን፣ ይደርሳል ያልሽበትን፣ ደንበኛዋ ለብሳ አይታ የወሰደችበትን። ሦስተኛውን ማንም አይጽፈውም፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ዐሥር ልብስ ሲሞላልሽ ቁጭ ብለሽ ቁጠሪ። «አንድ ቀሚስ ሁለት ቀን» የምትዪው ዘጠኝ ቀን ሆኖ ብታገኚው አትደንግጪ። አንቺ የምትቆጥሪው መኪናው ላይ የተቀመጥሽበትን ብቻ ነው። ሸማኔው ጥለቱን ያዘገየበት ቀን አለ። ጥልፍ ቤት ወረፋ አለ። የክሩ ቀለም አልገጥም ብሎ መርካቶ የወረድሽበት፣ መብራት የጠፋበት፣ ለብሳ ልትለካ የነበረችው ሴትዮ ድምጿን አጥፍታ የቀረችበት አለ። እነዚህ ሁሉ ሥራው ውስጥ ናቸው።

የሚያሳጥረው ደግሞ ያንቺ ግምት ብቻ አይደለም። ካናዳ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን «መቼ ትጨርሳላችሁ?» ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ጥናቱ በፈረንጆቹ 1994 ታትሟል። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። «ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ?» ሲባሉ ወደ 49 ቀን ከፍ አደረጉት። የፈጀባቸው 56 ቀን ገደማ ነው። ይበላሻል ብለው የገመቱት እንኳን አልበቃቸውም! እዚያው ጥናት ላይ ሌላ ነገር አለ፣ እኔ የወደድኩት እሱን ነው። ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት ያሳጥራል፤ የሌላውን ሲገምት ግን እንዲህ አያሳጥርም፣ እንዲያውም ማስረዘም ይቀናዋል። እና አብረውሽ የሚሠሩትን ልጆች ጠይቂያቸው። «ይቺን በስንት ቀን የምጨርሳት ይመስላችኋል?» በያቸው። ይስቁብሽ ይሆናል። የሚነግሩሽን ቁጥር ግን ጻፊው።

ሌላው የዓመቱ ነገር ነው። የኛ ሥራ ወር ከወር አይመሳሰልም። ጥርን ውሰጂ። ገና ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሀገሩ ሁሉ ሰርግ ነው፤ ሥራው ይጎርፋል። በዓሉም ግን እዚያው ላይ ይደራረባል። ከተራ 10፣ ጥምቀት 11፣ ቃና ዘገሊላ 12፣ አስተርእዮ ማርያም 21፣ መድኃኔዓለም 27። በነዚህ ቀናት መርፌ የማትነኪ ከሆነ፣ እሑድንም ካከበርሽ፣ ከሠላሳው ቀን የሚተርፍሽ ሃያ ምናምን ነው። ሥራ የምትቀበዪው ግን ለሠላሳ ቀን ነው። ካላንደሩን ከግድግዳ አውርጂ፣ የማትሠሪባቸውን ቀናት በቀይ እስክሪብቶ ሰርዢ፣ የቀረውን ቁጠሪ። ይህን ታኅሣሥ ሳይገባ አድርጊው፤ ጥር ላይ ብትቆጥሪ ምን ይረባል።

ቀጥሎ ጾሙ ይመጣል። 55 ቀን ሰርግ የለም፤ ሱቁ ጭር ይላል። ብዙ ሰፊ ያኔ ያንቀላፋና ሰሙነ ሕማማት ላይ ሁሉም ለፋሲካ ብሎ ሲግተለተል ይሰክራል። አንቺ በጾሙ መግቢያ ለነባር ደንበኞችሽ ደውዪ። «ለፋሲካ የምታሰፊ ከሆነ ደብረ ዘይት ሳይደርስ ጨርቅሽን አምጪ፣ ዋጋ እቀንስልሻለሁ» በያቸው። ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ስለሆነ ማንም አይረሳውም። ከዚያ በኋላ የመጣች በሙሉ ዋጋ ታሰፋለች፣ ቀኑም ለዳግማይ ትንሣኤ ይሆናል። ቀብድም ተቀበዪ፤ ግማሹን። ቀብድ የከፈለች ለልክ አትቀርም።

ግድግዳሽ ላይ ደግሞ ሚስማር ምቺ። ሦስታችሁ በሳምንት ስንት ቀሚስ እንደምታወጡ ደብተሩ ይነግርሻል። ስድስት ከሆነ ስድስት ሚስማር። የሚገባው ጨርቅ ከነፌስታሉ ይሰቀላል። ስድስቱ ከሞሉ ቀጣይዋ ወደሚመጣው ሳምንት ታልፋለች። ደንበኛዋም ዓይን አላት፣ ታየዋለች።

ስለ ቀኑ አዋዋልሽ ብዙ አልልም። ቅዱን በማለዳ አድርጊው፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ፣ ስልኩን ጓዳ ወርውረሽ። ተሳስተሽ የቆረጥሽውን ፈትል ማንም አይቀጥልልሽም። ልክ መውሰዱን፣ ማስለካቱን፣ የቴሌግራሙን መልስ ከ10 እስከ 12 ሰዓት አድርጊው። በር ላይ ለጥፊው።

ለቅሶና እድር ላይ ጥብቅ ሁኚ የሚልሽ ካለ አትስሚው። ጎረቤት ሞቶ ቀሚስ አይሰፋም። ይልቅ በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ቀጠሮ አትያዢበት፤ የሆነ ነገር መምጣቱ አይቀርም። ካልመጣ የተንጠለጠለውን ትጨርሺበታለሽ። በየቀኑ ጎረቤት እየዞሩ በረካ ድረስ መቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን አንቺው ታውቂዋለሽ።

የልጆችሽ ደብተር መዝገቡ ላይ ይግባ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ለእነሱ ቀጠሮ አለሽ፤ ደንበኛ ከመጣች «ሰው አለብኝ» በያት። ውሸት አይደለም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቀን መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፣ ማታ ኤክስቴንሽን እማራለሁ። 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚባለውን ዘዴ በስልኬ ሞከርኩት። አምስቷ ደቂቃ ቲክቶክ ላይ አርባ እየሆነች ተቸገርኩ። (ከመገናኛ)

መልስ፦ ያንን ዘዴ ያወጣው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ ጥናት አልገባህ ቢለው የወጥ ቤት ሰዓት አንስቶ ሞላ። ሰዓቷ የቲማቲም ቅርጽ ነበራት። ቲማቲሟ ላይ ቲክቶክ የለም፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ዘበኛውንም ሌባውንም አንድ ስልክ ውስጥ አስቀምጠህ ሌባው አሸነፈኝ ትለኛለህ። ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይደር። በአምስቷ ደቂቃ ተነስተህ ውኃ ጠጣ፣ እስከ በሩ ድረስ ሂድ፣ ተመለስ፤ የሚታይ ነገር አትክፈት።

ታክሲ ሰልፍ ላይ አጥና የሚሉህም ይኖራሉ። መገናኛ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ? ኪስህን ጠብቅ እንጂ ደብተር አትዘርጋ። ከምሳ ሰዓትህ ግማሹን ውሰድ፣ ጭንቅላትህ ያኔ ይሻላል። መሥሪያ ቤትህ ሰኔ 30 ሒሳብ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ሰኔን ከጥናት ቁጥር አውጣው፤ ማምሸት አይቀርልህም። የሰኔውን ንባብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ አውርደው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምኖረው፣ አረጋውያንን ሌሊት እንከባከባለሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጥቼ እተኛለሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ 10 ሰዓት ላይ ስትደውል እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ገና እንቅልፍ ሲወስደኝ። ካላነሳሁ «ምን ሆና ነው» ብላ ዘመዱን ሁሉ ታስነሳለች። ስነቃ ደግሞ እሷ ተኝታለች።

መልስ፦ እናትን በጥብቅነት አትመልሻትም፤ ቀድመሽ ግን መደወል ትችያለሽ። ከሥራ ስትወጪ፣ አውቶቡስ ወይም መኪና እየጠበቅሽ፣ አንቺ ደውዪላት። በበጋችሁ ሰባት ሰዓት ስለምንቀድማችሁ እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። ምሳዋን በልታ አረፍ ያለችበት ሰዓት ነው። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ፣ ያቺኑ ሰዓት። ድምፅሽን ከሰማች 10 ሰዓት ላይ የምትደውልበት ምክንያት አይኖራትም። ከዚያ ስልክሽን ዝም አሰኚና የአንድ ሰው ቁጥር ብቻ እንዲጮህ አድርጊው፤ የእህትሽን ወይም የወንድምሽን፣ በቁም ነገር ብቻ የሚደውለውን። እናትሽም ይህን ትወቅ፤ የሚያስቸኩል ነገር ቢመጣ እንደሚደርስሽ ካወቀች አትጨነቅም። ኖቬምበር ላይ ሰዓታችሁ ሲቀየር ልዩነቱ ስምንት ይሆንና ስልክሽ እዚህ 9 ሰዓት ላይ ይገባል። 8 ሰዓት አልፎ ዝም ሲላት እንዳትደናገጥ ከዋዜማው ንገሪያት።