ሒሳብን በምርምር ማስተማር፦ ጥያቄና መልስ

የአምስተኛ ክፍል መምህር ነኝ። ከመጽሐፉ ሳልወጣ ተማሪዎቼ የሚመራመሩበትን ጥያቄ ከየት ላምጣ?

ከራሱ ከመጽሐፉ። “ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 8 ሳ.ሜ. የሆነ ሬክታንግል ዙሪያው ስንት ነው?” የሚለውን ይገልብጡት፦ “ዙሪያው 36 ሳ.ሜ. ከሆነ ትልቁ ስፋት ስንት ነው?” ጎኖቹ ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ 9 ዓይነት ሬክታንግል ይገኛል። ብዙ ልጆች 8 በ10 ላይ ይቆማሉ፤ ካሬም ሬክታንግል መሆኑን ይዘነጋሉ። 9 በ9 ግን 81 ካሬ ሳ.ሜ. ይሰጣል።

ለጀማሪ ክፍል የሚሆን አንድ ጥያቄ ይጠቁሙን።

የተከታታይ ቁጥሮች ድምር። 9 ማለት 4+5 ነው፤ 2+3+4ም ነው። 15 ደግሞ ሦስት መንገድ አለው፦ 7+8፣ 4+5+6፣ 1+2+3+4+5። ከ1 እስከ 32 ያሉትን ቁጥሮች ለቡድኖች አከፋፍለው ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ያሰባስቡ። እምቢ የሚሉት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና 32 ብቻ ናቸው። ዋናው ሥራ የሚጀምረው “ለምን?” ሲባል ነው።

ድምሩን ለማግኘት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደምረን በቁጥሮቹ ብዛት እናባዛለን፤ ከዚያ ለ2 እናካፍላለን። ብዛቱ ኢተጋማሽ ከሆነ ብዛቱ ራሱ የድምሩ አካፋይ ነው። ተጋማሽ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ድምር ኢተጋማሽ ስለሚሆን አካፋዩ እሱ ነው። ያም ሆነ ይህ ከ1 የሚበልጥ ኢተጋማሽ አካፋይ አይታጣም፤ 16 ግን እንዲህ ያለ አካፋይ የለውም። ይህን እርስዎ አይንገሯቸው። ከተቸገሩ “የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደምሩ” ይበቃቸዋል።

ከዜሮ በላይ የሆኑ ቁጥሮች ብቻ እንደሚፈቀዱ አስቀድመው ይናገሩ። አለዚያ አንዱ −3 ላይ ጀምሮ እስከ 4 ደምሮ 4ን ያገኛል። (እንዲህ ያለ ልጅ ከተገኘ ግን ያበረታቱት።)

ሥርዓቱን እንዳዩ “ገባን” ብለው ይቆማሉ። ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ እንዴት ላሳምናቸው?

ክብ ዙሪያ ላይ ነጥቦች አስቀምጠው ሁሉንም እርስ በርስ ያገናኙ፤ ክቡ ስንት ቦታ ተከፈለ? ከአንድ ነጥብ ጀምሮ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ይመጣል። ለስድስተኛው ሁሉም 32 ይላሉ፤ ቆጥረው የሚያገኙት ግን 31 ነው። ነጥቦቹን እኩል ካራራቁ ሦስት መስመሮች መሀል ላይ ስለሚገናኙ 30 ይሆናል፤ ስለዚህ አዛብተው ያስቀምጧቸው።

40 ደቂቃ ይበቃል?

ለአንድ ጥያቄ፣ አዎ። 5 ደቂቃ ለየብቻ፣ 15 ሦስት ሦስት ሆነው፣ የቀረው ለውይይት። የብቻው ጊዜ ከተዘለለ ፈጣኑ ልጅ ለሁሉም ያስባል፤ ቡድኑ ስድስት ከሆነም አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል።

ልጄ “አልቻልኩም” ሲለኝ ምን ልበለው?

“በትንሽ ቁጥር ሞክረው፣ ውጤቱን በሠንጠረዥ ጻፈው።” የተሳሳተውንም በላጲስ አያጥፋ፤ የቀጣዩ ሙከራ ፍንጭ ብዙውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው።