ለስትሮክ የስቴም ሴል ሕክምና፦ ቤት ከመሸጣችሁ በፊት

እህቴ፣ አባትሽን ስትሮክ ከመታቸው ስምንት ወር እንደሆናቸው፣ ውጭ አገር ያለ ክሊኒክም በስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ በሚችል ሴል) እናድናቸዋለን እንዳላችሁ ጽፈሽ፣ ኮምቦልቻ ያለውን ቤት እንሽጥ ወይ ብለሻል። አትሽጡ። ደሴ ላይ እናቴን ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ጀምሮ አስታምሜያለሁ፤ እኛንም እንዲህ ያለ ክሊኒክ ስላግባባን ነገሩን አጥብቄ መርምሬዋለሁ።

ተስፋው ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከለጋሾች መቅኔ የተዘጋጀ ሴል ወደ 18 ሕሙማን አንጎል አስገብተው መሻሻል ማየታቸውን ጻፉ። ክሊኒኮቹ የሚያሳዩት ይህንን ነው። ጥናቱ ግን ሴሉን ያላገኘ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ያንኑ ሴል፣ ምንም ሴል ከማይገባበት ማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ጋር ያነጻጸረው ቀጣዩ ሙከራ ዋና ግቡን እንዳልመታ በ2019 እ.ኤ.አ. ተገለጸ። ጃፓን ውስጥ 206 ሕሙማን የተሳተፉበት ሌላ የስቴም ሴል ሙከራም አልተሳካም፤ እሱ ደግሞ ስትሮኩ በደረሰ በ36 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ስለነበር ለአባትሽ ቢሠራም አይደርስላቸውም ነበር።

ጉዳቱንም እወቂው። ከስትሮክ ለመዳን ቻይና፣ አርጀንቲናና ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ ከፍሎ የተወጋ አሜሪካዊ፣ አከርካሪው ውስጥ በአብዛኛው ከሌላ ሰው ሴል የተሠራ ዕጢ በቅሎበት እግሮቹ ሽባ ሆነዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ለስትሮክ ያጸደቀው አንድም የስቴም ሴል ሕክምና የለም። እውነተኛ ምርምር የሙከራውን ሕክምና ለሕመምተኛው አይሸጥም፤ ክሊኒኩ ዋጋ ሲጠራላችሁ ምርምር ነው ካለ አትመኑት።

ገንዘቡን ለፊዚዮቴራፒ አውሉት። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመና 222 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ከስትሮክ በኋላ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸውን ሰዎች ነበር የወሰደው፤ ልክ እንደ አባትሽ። ጤነኛውን እጅ በጓንት ሸፍነው፣ ደካማውን ለሁለት ሳምንት በየዕለቱ ለሰዓታት አሠሩት፤ መሻሻሉ ከዓመት በኋላም አልጠፋም። የእናቴ ፊዚዮቴራፒስት ይህንኑ መንገድ ለቤታችን አመቻቸልን። ምስር ትለቅማለች፤ ባዶ ሲኒ ከረከቦት እያነሳች ትመልሳለች፤ የነጠላዋን ጥለት ታጥፋለች። መጀመሪያ ሲኒው ከእጇ እየወደቀ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ቡናዋን ራሷ ይዛ ትጠጣለች። ሙሉ በሙሉ አልዳነችም፤ ጣቶቿ አሁንም ቁልፍ መቆለፍ ያቅታቸዋል።

ይህ ልምምድ የሚሆነው የደካማው እጃቸው አንጓና ጣቶች ጥቂት መዘርጋት ከቻሉ ነው። አባትሽ ይችላሉ? የደም ግፊታቸውስ በየጊዜው ይለካል? ሁለተኛ ስትሮክ እንዳይመጣ መድኃኒቱ አይቋረጥባቸው። የመታቸው የደም መርጋት ይሁን መፍሰስ ከሲቲ ስካኑ (ከአንጎል ራጁ) ውጤት ላይ እይና ጻፊልኝ፤ እናቴን ያሠራትን ባለሙያ በውስጥ መስመር እጠቁምሻለሁ።