ጥላ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ሼድ ውስጥ ብየዳ እሠራለሁ። ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ይዛ መጥታ «ሼይድ» እና «ሻዶው» ልዩነታቸው ምንድን ነው አለችኝ። መዝገበ ቃላት ብናይ ሁለቱንም «ጥላ» ይላቸዋል። የምሠራበት ሼድስ ዘመዳቸው ነው?

መልስ፦ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። አማርኛ ለሁለቱም ያለው አንድ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሼይድ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ነው፤ ቅርጽ የለውም፣ ያርፉበታል። ሻዶው ብርሃን የጋረደ ነገር መሬት ወይም ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ምስል ነው።

ጠዋት ታክሲ ሲጠብቁ ከእግርዎ ሥር ተነስቶ አስፋልቱ ላይ የተጋደመው ረጅም ሰው ሻዶው ነው። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ሸሽተው የሚቆሙበት የባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ሼይድ። ልጅዎ በዓይኗ እንድታየው ከፈለጉ ሚያዝያ 5 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደጅ ያቁሟት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ያኔ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ናት። የልጅቷ ሻዶው ጫማዋ ሥር ይገባል። ሼይዱ ግን ከሼድዎ ጣሪያ ሥር እንዳለ ነው። የቆርቆሮ ሥር ሙቀት ጥላ ካስባለው ማለቴ ነው!

ሁለቱ ቃላት ዱሮ አንድ ነበሩ። የጥንቱ እንግሊዝኛ «ሸአዱ» በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ሙያው መልኩን ይለውጥ ነበር። አንዱ መልክ ሼይድ፣ ሌላው ሻዶው ሆኖ ቀረ። የእርስዎ ሼድም ከሼይድ የወጣ ሳይሆን አይቀርም። ይህ እንግዳ ነገር አይምሰልዎ፤ እኛም ጋ ጥላ፣ ተጠለለ፣ መጠለያ ሁሉ ሥራቸው የግዕዙ «ጸለለ» ነው።

አማርኛ ታዲያ አይቸገርም ወይ? እምብዛም። «የዛፉ ጥላ» ብቻ ካሉኝ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። «አረፍንበት» ካሉ ሼይድ፣ «ረዘመ» ካሉ ሻዶው ነው። ግሱ ይፈርዳል።

የሚቸግረው ሌላ ነው። ጥላ ቢስ የምንለው ሰው ፀሐይ ላይ ቢቆም እንደማንም ሻዶው አለው፤ የጎደለው ግርማ ነው። ልጅዎ እሱን ወደ እንግሊዝኛ መልሺ ከተባለች ሁለቱንም ትተዋቸው።