የሄርሜስ ሐውልት አረንጓዴ ዱቄት

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት ባለ ክንፍ ጫማ የሄርሜስ (የጥንት ግሪኮች የአማልክት መልእክተኛ) ነሐስ ሐውልት አረንጓዴ ነጠብጣብ አወጣ። በሎሚ ልፈትገው? (አንባቢ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ እባክዎ ሎሚም ኮምጣጤም አያስነኩት! አሲዱ በዘመናት የመጣውን መልክ ይገፍፋል፤ ያ ከሄደ ደግሞ አይመለስም።

ጠንካራና ከነሐሱ የተጣበቀ አረንጓዴ አያሳስብም። ፈዛዛና በጣት ሲነኩት የሚረግፍ ከሆነ ግን ክሎራይድ (በጨው ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር) ከእርጥበት ጋር ሆኖ ነሐሱን እየበላው ነው። ዱቄቱን በደረቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ከዚያ አየር በማያስገባ ዕቃ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡት፤ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ40 በመቶ አይብለጥ። በሐይቁ ዳር ክረምት ሳሎን መደርደሪያ ላይ ይህን ያህል ደረቅ አየር አይገኝም። ዱቄቱ ሳይቆም ሰም አይቀቡት፤ ጉዳቱ ከሥር ይቀጥላል። ተመልሶ ከወጣ ለቅርስ ጥገና ባለሙያ ያሳዩት።

የዚህ ዓይነቱ ሄርሜስ አብዛኛው ቀራፂው ጃምቦሎኛ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሠራው የተቀዳ ነው። ከመቀመጫው ሥር በመርፌ ጫር ሲያደርጉት ወርቃማ ከሆነ ነሐስ፣ ብርማ ግራጫ ከሆነ ቀለም የተቀባ ዚንክ ሊሆን ይችላል።