ከልጆች ጋር ወደ ሄርሺ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ዘንድሮ ግማሾቹ ስለ ሄርሺ ናቸው። ፔንሲልቬንያ ያለችውን የቸኮሌት ከተማ ማለቴ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለዚህም ነው የዲሲ አካባቢ ወገናችን ልጆቹን ጭኖ ወደዚያ የሚነዳው። እኔም ከሁለት ልጆቼ ጋር ደጋግሜ ስለሄድኩ የማውቀውን ልንገራችሁ።

"የ2 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉኝ። የፓርኩ ትኬት ውድ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ያዋጣል ወይ?" (እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ ትንሹ በነፃ ነው የሚገባው፤ 2 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ የመጫወቻ ፓርኩ፣ ሄርሺፓርክ፣ አያስከፍልም። ስለ ትልቁ ግን ከዕድሜው ይልቅ ቁመቱን አስቢ። ፓርኩ ልጆችን የሚመድበው በቁመት ሲሆን ምድቦቹን የሚጠራቸው በከረሜላ ስም ነው። ከ36 ኢንች በታች ሚኒያቸር፣ ከ36 እስከ 42 ኪስስ፣ ከ42 እስከ 48 ሪሲስ፣ እንዲህ እያለ እስከ ጆሊ ራንቸር ይደርሳል። የትኛው መጫወቻ ላይ እንደሚወጣ የሚወስነው ይሄ ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ ልጄን ሳልለካው ነው የወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ ስለ አንድ ሮለር ኮስተር ሲያወራ መጣ፣ በፀሐይ ተሰልፈን ቆምን፣ ተራችን ሲደርስ አንድ ኢንች ጎደለው። ለቅሶው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። አሁን ከመሄዳችን በፊት ማታ ግድግዳ ላይ እለካቸውና የሚፈቀድላቸውን መጫወቻ ድረ ገጹ ላይ አብረን እንመርጣለን።

ትልቁ ልጅሽ 42 ኢንች ካለፈ ትኬቱ ያዋጣል። በትኬቱ ዙአሜሪካ የሚባለው የእንስሳት ማቆያም ይገባል። በ1919 የተሠራው፣ 66 የእንጨት ፈረሶች ያሉት መዞሪያም አለ፤ እሱ ላይ ትንሹም ከትልቅ ሰው ጋር ይወጣል። 42 ካልሞላ ግን ገንዘብሽን ለከርሞ አቆዪው፤ ቀጥሎ ያለውንም መልስ አንብቢ።

"ልጆቼ ቸኮሌት ሲሠራ ማየት ነው የሚፈልጉት። ፋብሪካውን ያስጎበኛሉ?" (አባት፣ ከባልቲሞር)

ዋናውን ፋብሪካ አያስጎበኙም። ድሮ ያስገቡ ነበር፤ ሰው ሲበዛባቸው በ1973 ጉብኝቱን አቁመው ቸኮሌት ወርልድ የሚባለውን ከፈቱ። እዚያ በምትንቀሳቀስ ወንበር ተቀምጣችሁ ከካካዎ ፍሬ እስከ ማሸጊያ ያለውን ሂደት በሠሩት ማሳያ ታያላችሁ። መሐል ላይ የሚዘፍኑ ላሞች አሉ። የእኔዋ ትንሿ ከላሞቹ ሌላ የምታስታውሰው የለም። መግቢያው ነፃ ነው፣ ስትወርዱ ቸኮሌት ያቀምሷችኋል፣ ከወደዱት ተመልሳችሁ ትሰለፋላችሁ። ለትንንሽ ልጆች እኔ ከፓርኩ በፊት የምመርጠው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። መውጫው ቀጥታ ሱቅ ውስጥ ነው የሚያስገባህ። "እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ብቻ" ብለህ መኪና ውስጥ ሳላችሁ ተስማሙ፤ ሱቁ ውስጥ ገብቶ መከራከር አይቻልም። ስትመለሱ በቸኮሌት አቬኑ በኩል ውጡ። የመንገድ መብራቶቹ ኪስስ የሚባለው ቸኮሌት ቅርፅ አላቸው፣ አንዱ የተጠቀለለ፣ አንዱ የተፈታ። ልጆቹ ይቁጠሯቸው።

"የሚመቸን በፍልሰታ ብቻ ነው። የ8 ዓመት ልጄ ትጾማለች። ቸኮሌት መሐል ወስጄ ባስጨንቃትስ?" (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ጥያቄሽ ልቤን ነካው፤ እኔም ቤት ይሄው ጭንቀት ነበር። የወተት ቸኮሌቱ እንደማይሆን ታውቂያለሽ። ሰው የሚሳሳተው ጥቁሩ ላይ ነው። ስፔሻል ዳርክ የጾም ይመስላል፣ ማሸጊያውን ብታነቢ ግን የወተት ስብ አለበት። ትዊዝለርና ጠንካራው ጆሊ ራንቸር የሚባሉት ከረሜላዎች ወተት የለባቸውም። እንደ ማስቲካ የሚለጠጡት ከረሜላዎች ብዙ ጊዜ ጄላቲን ስላለባቸው፣ እሱም ከእንስሳ ስለሆነ፣ ይቅሩባት።

እስከ እኩለ ቀን የምትጾም ከሆነ ጠዋት ቸኮሌት ወርልድ ግቡ፤ ቤት ውስጥ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ የምትጎበኙትም ተቀምጣችሁ ነው። የነሐሴ ፀሐይ ላይ ባዶ ሆዷን አታስሩጫት። ምሳችሁን በረዶ ባለበት ኩለር ያዙ፤ ሳምቡሳና ፍርፍር ይበቃል። ቸኮሌት ሲሰጧት ደግሞ "አይሆንም" ብለሽ አትመልሺባት። ትቀበልና ኩለሩ ውስጥ ታስቀምጠው፣ ነሐሴ 16 ስትፈስክ የራሷ ቸኮሌት ይጠብቃታል። የእኔዋ እንደዚያ አድርጋ፣ በፍስኩ ቀን ቆራርሳ ለሁላችንም አከፋፈለችን።

"እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፣ መኪናው ጠቦናል። የ3 ዓመቱን ልጅ እሷ ብታቅፈውስ?" (አባት፣ ከፎልስ ቸርች)

በፍጹም። በፔንሲልቬንያ ሕግ ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ ካር ሲት (የልጅ መቀመጫ)፣ ከ4 እስከ 8 ያለው ቡስተር (ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ) ያስፈልገዋል። ከሕጉም በላይ፣ መኪና ሲጋጭ ልጅን እቅፍ ውስጥ ማቆየት የሚችል ክንድ የለም። ሰፋ ያለ መኪና ተከራዩ፣ ወይ በሁለት መኪና ሂዱ።

"ልጆቼ የልጅ ልጆቼን ይዘው ሲሄዱ እኔንም ይወስዱኛል። ጉልበቴን ያመኛል። እዚያ ምን እሠራለሁ?" (አያት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አባቴ፣ ሄርሺ ጋርደንስ ይውሰዱዎት። የሚከፈልበት ነው፣ ግን ጽጌረዳው ያምራል፣ ቢራቢሮዎች የሚበሩበት የመስታወት ቤትም አለ፤ ልጆቹም ይወዱታል።

እግረ መንገድዎን ለልጅ ልጆችዎ የሰውየውን ታሪክ ይንገሩልኝ። የቸኮሌት ፋብሪካውን የመሠረተው ሚልተን ሄርሺና ባለቤቱ ካትሪን ልጅ አልነበራቸውም። በ1909 ወላጅ ላጡ ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ እሷ ካረፈች በኋላ በ1918 አብዛኛውን ሀብቱን ለዚያው ሰጠ። ዛሬም ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እዚያ በነፃ ይኖራሉ፣ ይማራሉ። እርስዎ ወንበር ላይ አረፍ ብለው ሲያወሩላቸው ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ እኛ ወላጆችም ያኔ ቡና እንጠጣለን።